ሐይቁ ላይ የሚጠፋው አውሮፕላን

እናቴ ድሮ አውሮፕላን ፈርታ አታውቅም፤ ተሳፈሪ ያላት ሰው ስላልነበረ። ፍርሃቱ የመጣው አዲስ አበባ ያለችው እህቴ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድበት ቀን ሲቃረብ ነው። በእኛ አገር ሴት ልጅ የበኩር ልጇን እናቷ ቤት መጥታ ትወልዳለች፤ ካልሆነም እናቷ ሄዳ ታርሳታለች። እህቴ መምጣት አልቻለችም፤ አገር አቋራጩ መንገድ አንድ ሰሞን ክፍት፣ አንድ ሰሞን ዝግ ነው፤ ነፍሰ ጡር ይዞ የሚሞከር አይደለም። የእናቴም ጉልበት ያን ያህል ሰዓት አውቶቡስ ላይ ከታጠፈ በኋላ በቀላሉ የሚዘረጋ አይደለም። የቀረው ከከተማችን ከነፋስ መውጫ ባሕር ዳር በሚኒባስ፣ ከዚያ በአውሮፕላን ነው።

የገንፎውን ገብስ ራሷ አበጥራ፣ ቆልታ አስፈጨችው። ቅቤው ተነጠረ፤ ማሩ ተከደነ። ሁሉም ተሸክፎ ግድግዳው ሥር ተደረደረ። ያልተሸከፈችው እሷ ብቻ ነበረች።

"ሲነሳማ በቴሌቪዥን ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤" አለችኝ አንድ ቀን። "ሲነሳ ሁሉም ያሳያል። እኔ ሲያርፍ ነው ማየት የምፈልግ። ሰውን ያህል ነገር ሰማይ አድርሶ እንዴት አድርጎ እንደሚመልሰው በዓይኔ በብረቱ ልይ። ካየሁ እሄዳለሁ።"

ስልኬን አውጥቼ ሲያርፍ የሚያሳይ ቪዲዮ ከፈትኩላት። "ይኸማ ፊልም ነው፤ በፊልም ሰው ሞቶም ይነሳል፤" ብላ መለሰችልኝ። ያኔ ዝም ብል ምን ነበረበት! እኔ ግን ከነፋስ መውጫ ኮምፒውተር ጠጋኞች አንዱ ነኝና ኩራቴ ተነካ። ከሞቱ ኮምፒውተሮች ዕቃ እየለቀምኩ የገጣጠምኩት የራሴ ማሽን ቤቴ ውስጥ አለ፤ በእሱ ላይ ደግሞ አውሮፕላን ማብረሪያ ፕሮግራም ጭኛለሁ። ከሥራ ስመለስ ካፒቴን ነኝ። "እኔ ራሴ አስነስቼ አሳርፍልሻለሁ፤" አልኳት።

የኮምፒውተሩ ሳጥን አጭር የእንጨት በርጩማ ላይ ሆኖ ከመደቡ ጥግ ተቀምጧል። እናቴ መደቡ ላይ ከሳጥኑ አጠገብ ተቀመጠች፤ እኔ ከፊቷ ጠረጴዛው ጋ ጆሮዬን በማዳመጫ ደፍኜ፣ ዓይኔን ስክሪኑ ላይ ተክዬ ከባሕር ዳር ተነሳሁ። ሐሳቤ ጣናን አንድ ዙር ዞሬ ተመልሼ ማረፍ ነው። ሐይቁ ሲታይ እናቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ደሴት ባየች ቁጥር ገዳም ነው ብላ ታማትባለች። ሐይቁ መሃል ስንደርስ ግን ስዕሉ ቀጥ አለና ስክሪኑ ጨለመ።

"የት ሄደ?"

"ኮምፒውተሩ ነው የጠፋው፤ አውሮፕላኑ ደኅና ነው።"

"ሰዎቹስ?"

"ሰው የለበትም፣ እማዬ።"

"አብራሪውስ?"

"አብራሪው እኔ ነኝ።"

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

በማግስቱም እዚያው ሐይቅ ላይ ጠፋ። በዚህኛው ጊዜ ያዘነ ፊት ያለበት ሰማያዊ ገጽ መጣ። እናቴ ፊቱን ቀረብ ብላ አየችውና "እሱ ራሱ አዝኖ፣ አንተ ሂጂ ትለኛለህ፤" አለች።

ከዚያ በኋላ ያልሞከርኩት የለም። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሐይቁን ነው። የውሃ ሞገድና ነጸብራቅ ስዕሉን ለሚሠራው ግራፊክስ ካርድ ከባድ ሸክም ነው፤ ስለዚህ ሞገዱን አጠፋሁት፤ ጣና የቤት ክዳን ቆርቆሮ መሰለ። ደመናውን ነቀልኩ። ዛፉን ጨፈጨፍኩ። በእኔ እጅ የባሕር ዳር ዙሪያ ራቁቱን ቀረ። ካርዱን የሚያዝዘውን ሶፍትዌር፣ ድራይቨሩን፣ አራግፌ የቆየውን ጫንኩ። ራም የሚባለውን የማስታወሻ ካርድ ነቅዬ እግሩን በላጲስ ፈገፈግኩ። ማራገቢያውን ከአቧራ አጸዳሁ፤ የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ ቅባት ለወጥኩ። መብራት እየዋዠቀ ይሆናል ብዬም ከሱቄ መጠባበቂያ ባትሪ አመጣሁ፤ እሱም የአህያ ባል ሆነ፣ ከጅብ አላስጣለም።

የሚያሳብደው ግን ይህ አልነበረም። እናቴ ገበያ የሄደች ዕለት አውሮፕላኑን በራሱ እንዲበር አድርጌ ጣናን እየዞረ እንዲውል ተውኩት። ዋለ! ሙቀቱን ለካሁ፤ ደኅና ነው። ቃል አልተነፈሰም። እናቴ ተመልሳ ነጠላዋ ላይ ጋቢዋን ደርባ መደቡ ላይ እንደተቀመጠች፣ ሐይቁ መሃል ድርግም አለ። ሳጥኑን ብነካው ይፋጃል። ሰው የሚያፍር ሰው አውቃለሁ፤ ሰው የሚያፍር ኮምፒውተር ግን አይቼ አላውቅም። ንዴቱ ሱቄ ድረስ ተከተለኝ። አንድ ደንበኛ "ላፕቶፔ በየመሃሉ እየጠፋ አስቸገረኝ" ቢለኝ "የኔም ይጠፋል!" ብዬ ጮኽኩበት። ሰውየው ላፕቶፑን ይዞ ወጣ።

በዚህ መሃል እህቴ ደወለች። "እማዬ፣ መቼ ነው የምትመጪው?"

"ኮምፒውተሩ ሲድን፤" አለች እናቴ።

"ኮምፒውተሩ ከኔ ጋር ምን አገናኘው?"

እህቴ ቀጥላ "እማዬ፣ ፈርቻለሁ፤" አለች። እህቴ እንዲህ የምትል ልጅ አይደለችም። እናቴ ስልኩን ለእኔ ሰጥታ ወደ ጓሮ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ አውሮፕላን ካላረፈ እህቴ ያለ እናት ልትወልድ ነው የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ነሳኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የእናቴ የንስሐ አባት መጡ። እናቴ ነገሩን ነግራቸዋለች። እጃቸው ላይ የውሃ ኮዳ ሳይ ተነስቼ ሳጥኑን ከለልኩት።

"አባ፣ ጠበል ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይሄ ነገር ኤሌክትሪክ..."

"ምነው ልጄ፣ እኔም ቤት እኮ መብራት አለ፤" አሉኝ። "ይኸ ለእኔ መጠጫ ነው።" መስቀላቸውን ከሩቅ አሳይተውት፣ ከእናቴ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀመጡ። እኔም ለክብራቸው ብዬ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮዬ አነሳሁና በረራ ጀመርኩ። ሐይቁ ብቅ አለ። በልቤ እየጸለይኩ ነው።

"እንዴ!" አሉ አባ። "ምን ሆኖ ነው ያለበስሽው? አሞታል?"

ዞር አልኩ። የኮምፒውተሩ ሳጥን ጋቢ ለብሷል። የክረምቱን ወፍራም ጋቢ፣ አራት እጥፍ፣ ጫፉ ዙሪያውን ተወሽቆለት።

"ያቃስታላ!" አለች እናቴ። "ሰማይ ሲወጣ ጊዜ ያቃስታል፣ ይንቀጠቀጣል። የዚህ አገር ብርድ ሰውን አልማረ እንኳን ብረትን።"

ማቃሰት የምትለው ማራገቢያው ነው። በረራው ሲከብድ ማሽኑ ይግላል፤ ሲግል ማራገቢያው ሙቀቱን ለማስወጣት እየጮኸ ይሽከረከራል፤ በጋቢ ከታፈነ ግን ማሽኑ እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል። ጆሮዬን ደፍኜ ስለምቀመጥ እኔ አልሰማውም። እሷ ትሰማዋለች። በእኛ ዘንድ ደግሞ የሚያቃስት መጀመሪያ ይሸፈናል፤ ምን እንደሆነ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ስክሪኑ ሲጨልም እኔ በንዴት ራሴን ስይዝ፣ እሷ ጋቢዋን መልሳ ትከናነባለች።

"ሁልጊዜ ታለብሺው ነበር?" አልኳት።

ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። "መጀመሪያ አዝኜለት ነው። ሁለተኛው ላይ፣ ሲለብስ እንደሚጠፋ ገባኝ።"

"ገብቶሽ ነው?!"

"ካረፈ እኮ መሄዴ ነው!"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚሉት ይሄን ነው። ስንት ዛፍ የቆረጥኩት፣ ስንት ደመና የነቀልኩት! ልጮህ አፌን ስከፍት እጇ የጋቢውን ጫፍ ጨብጦ አልለቅ ሲል አየሁና መልሼ ዘጋሁት።

"አባ፣ ሞት አይደለም እኔን የሚያስፈራኝ፤" አለች። "አገሬ ላይ ብሞት ደብሬ አለ፣ ሰው አለኝ። ከሰማይ ብወድቅ ማን ይቀብረኛል?"

አባ ከኮዳቸው ውሃ ተጎነጩ። "የወደቅሽበት ደብር ይቀብርሻል። አገሩ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው።"

ይሄ ማጽናኛ መሆኑ ነው። እናቴ ግን ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

"አሁን ጋቢውን አንሽለት፤" አሉ አባ። "ልጅሽ እየጠበቀችሽ ነው።"

አነሳችለት። ማሽኑ እያቃሰተ ቀጠለ፤ እኛም ሳንጠፋ ሐይቁን አቋረጥን። ባሕር ዳር ከነማረፊያዋ ከፊቴ ተዘረጋች። ያኔ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ፤ እኔ በሕይወቴ አውሮፕላን አሳርፌ አላውቅም። መብረር ደስ ይለኛል፤ እራት ቀረበ ስባል አጥፍቼው እነሳለሁ። ማረፊያው መጀመሪያ በቀኝ፣ ከዚያ በግራ፣ ከዚያ በጎን መጣ። አፍንጫውን ብደፋው ፈጠነ፣ ባቀናው ተንሳፈፈ። ከጀርባዬ አባ ዳዊት መድገም ጀመሩ። አስፋልቱ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው አውሮፕላኑን በአፍንጫው ሐይቁ ውስጥ ተከልኩት።

ስክሪኑ አልጨለመም። ሰማያዊ ገጽ አልመጣም። ማሽኑ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ፣ አውሮፕላኑ መሰባበሩን በትሕትና አስታወቀን።

"አሁንም ኮምፒውተሩ ነው?" አለች እናቴ።

"አይደለም።"

"ታዲያ ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

መጀመሪያ ትከሻዋ ነው የተንቀጠቀጠው። አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ እየሳቀች ነው። አባም ዳዊታቸውን አቋርጠው ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

"የእውነቱን የሚነዳው ሌላ ሰው ነው አይደል?" አለችኝ ዕንባዋን እየጠረገች።

"ሌላ ሰው ነው።"

"አንተን ምንም አይጠይቁህም?"

"ምንም።"

"እንግዲያስ ቲኬቱን ቁረጥልኝ። ይኸን ሁሉ ቀን የፈራሁት ለካ አንተን እያየሁ ኖሯል።"

ከፋኝም ደስም አለኝ፤ የትኛው እንደበለጠ እስካሁን አላውቅም። በዚያው ሳምንት ባሕር ዳር ወስጄ ሸኘኋት። የገንፎውን ዱቄት ለማንም አላስይዝም ብላ አቅፋው ገባች።

እህቴ በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ። ስደውል ስልኩን ያነሳችው እናቴ ናት። እንዴት ነበር ሲያርፍ ብዬ ብጠይቃት ለእኔ ጊዜ የላትም፤ ስልኩን እንደተከፈተ የሆነ ቦታ አስቀምጣ ለእህቴ የእኔን አበራረር ማውራቷን ቀጠለች። "ቀጥ ብሎ ሐይቁ ውስጥ!" ትላለች። "አባ እንኳን ዳዊት ጀምረው ነበር!" ሕፃኗ ታለቅሳለች፤ ማንኪያ ከገንፎው ሳህን ጋር ይጋጫል፤ እህቴ ደግሞ ሳቋ እያቋረጣት "እማዬ በሞቴ፣ አታስቂኝ፣ ያመኛል" ትላለች።