አጋድሎ የሚሄደው ሰውዬ

ሰውዬው ጠዋት ጠዋት ከአውቶቡስ ፌርማታው አይጠፋም። ረጅም ነው፤ ግራጫ ካፖርቱ ቀኝ ክርኑ ላይ ብቻ ሳስቷል። ሲራመድ ወደ ቀኝ ያጋድላል፤ እግሩንም መሬቱ የሚሰበር ይመስል ቀስ አድርጎ ነው የሚያሳርፈው።

በዚያው አውቶቡስ የምትሄደው ተመራማሪ «አቶ ዘመም» የሚል ስም አውጥታለታለች። መሥሪያ ቤት ስትደርስ አካሄዱን እየቀዳች ባልደረቦቿን በሳቅ ትገድላቸዋለች። ከዚያ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ መንኮራኩር ከጠፈር ሆኖ የለካውን የከዋክብት ቦታ ከዓመት ዓመት ታስተያያለች። ቀጥ ብሎ መሄድ ሲገባው የሚወላገድ ኮከብ ካገኘች፣ ከጎኑ የማይታይ ነገር እየጎተተው እንደሆነ ታውቃለች። ሙያዋ ይኸው ነው።

ዛሬ ሰውዬው ብቻውን አልነበረም። ዓይነ ስውር ሚስቱ ቀኝ ክርኑን ይዛለች። እሱም ያው እንደ ወትሮው አጋድሎ፣ ያው ቀስ እያለ አውቶቡሱ ላይ አወጣት።

«አይዞሽ እመቤቴ፣ አንዲት ደረጃ ናት የቀረችን።»

ተመራማሪዋ ብድግ ብላ ወንበሯን ለቀቀችላት።

«ተባረኪ ልጄ» አላት ሰውዬው። «ለምዶብኝ ብቻዬን ስሄድ እንኳ ከጎኔ ያለች እየመሰለኝ አጋድላለሁ። ሰው ሳይስቅብኝ አይቀርም» ብሎ ራሱም ሳቀ።

ተመራማሪዋ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ቢሮ ስትገባ ባልደረቦቿ ገና ከበሩ ተቀበሏት። «አቶ ዘመም እንዴት አደረ? እስቲ አሳዪን!»

ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ኮምፒውተሯ ላይ አቀረቀረች።

«ከጎኑ ሰው አለው» አለች፣ ቀና ብላ ሳታያቸው።