እናቴ ስለ እኔ የለመነችው

ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ አልተነጋገርንም። አባታችን መርሳ ከተማ ታሞ ሲተኛ ያስታመመው እሱ ነው፤ እኔ ወልድያ ሆኜ፣ ማስተማሩን ሰበብ እያደረግኩ፣ አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ እል ነበር። የአባታችን አርባ ሲወጣ ወንድሜ ሰው በተሰበሰበበት፣ «አንተ እንግዳ ነህ፣ እንደ እንግዳ በልተህ ሂድ» አለኝ። ተነስቼ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ እናቴን የምጠይቃት እሱ ማሳ በሚውልበት ሰዓት እየጠበቅኩ ሆነ።

እናቴ አንድም ቀን «ታረቁ» አላለችንም። ይገርመኝ ነበር። በሌላው ነገር ሁሉ፣ እስከ ካልሲዬ ቀዳዳ ድረስ፣ ሳትናገር የማታልፍ ሴት ናት።

በሁዳዴ ጾም አንድ አርብ ትምህርት ስላልነበረኝ ረፋዱ ላይ በሚኒባስ መርሳ ወረድኩ። ቤቱ ዝግ ነው። እናቴ «እህቴ» የምትላቸው ሙስሊም ጎረቤታችን ከአጥሩ በላይ ብቅ አሉ።

«እናትህ ቤተክርስቲያን ናት። ዱዓዋን ሳትጨርስ አትመጣም። አብሽር፣ እኔ ዘንድ ግባና ተቀመጥ።»

«እዚያው ሄጄ ላግኛት» አልኳቸው።

ቅዳሴ ገና አልተጀመረም። እናቴ በሴቶች በር በኩል ተንበርክካ፣ ግንባሯን ደረጃው ላይ አድርጋ አገኘኋት። ጉልበቷን ስለሚያማት ደግፌ ላነሳት ከኋላዋ ተጠጋሁ። ድምጿን አልቀነሰችም ነበር።

«ጌታዬ፣ የትንሹ ነገር አያሳስበኝም፤ ተቆጥቶ ወዲያው የሚጸጸት ነው። የምለምንህ ትልቁን ነው። አስተማሪ ነውና እኔን አይሰማኝም፤ አንተን ይስማህ። አባቱን አለማስታመሙ ውስጡን እየበላው ነው። የሚሸሸው ወንድሙን ጠልቶ አይደለም፣ አፍሮ ነው። ልጄን አሳርፍልኝ።»

እኔ እኮ የምትጸልየው ወንድሜ ይቅርታ እንዲጠይቀኝ ይመስለኝ ነበር። ሳታየኝ ወደ ኋላ ተመለስኩና በቀጥታ ወደ ማሳው ሄድኩ።

ወንድሜ ሽንኩርት ያጠጣል። ሲያየኝ አካፋውን ይዞ ቀጥ አለ።

«አባባን ብቻህን ተሸከምከው» አልኩት። «መምጣት ነበረብኝ። ይቅር በለኝ።»

እኛ ስንተያይ ውሃው መደቡን ጥሶ ወጣ።

«ውሃው! ውሃው!» ብሎ ጮኸ። እኔም ከነጫማዬ ዘልዬ ገብቼ በእጄ ጭቃ መከመር ጀመርኩ። ሁኔታዬን አይቶ ሳቀ፤ ወዲያው ግን ዓይኑ እንባ ሞላ።

«እኔም ሰው ፊት አዋርጄሃለሁ» አለኝ። በጭቃ እጃችን ተቃቀፍን።

ከሰዓት በኋላ አብረን ስንገባ እናቴ ከቅዳሴ ተመልሳ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች። ቀጥላ፣ «ጫማህን ምን አደረግኸው?» አለች።

የሰማሁትን የነገርኳት ከሳምንታት በኋላ ነው። «እንግዲህ ጸሎትሽን የሰማሁት እኔ ነኝ» ብዬ ቀለድኩባት።

«እሱ ሰምቶ ነዋ አንተን በዚያ ሰዓት ያመጣህ» አለች፣ ምንም ሳትደነቅ።

አሁን እኔም እጸልያለሁ። እንደ እሷ አልሆነልኝም፤ ቃሉ ቶሎ ያልቅብኛል። ያን ጊዜ ተነስቼ ለወንድሜ እደውላለሁ።