ባስኩላው ላይ ያወጡኝ ቀን

ባለፈው ቅዳሜ ወርቃ የምትባል የቡና አገር ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ቡና መመዘኛው ባስኩላ ላይ ወጣሁ። እስካሁን ንዴቱ አልበረደልኝም።

አጎቴ ጋሼ ተሾመ እዚያ አካባቢ ከገበሬዎች እሸት ቡና ይረከባሉ። እኔ የምኖረው ዲላ ነው። «ቢሮ ቢሮ ስትዪ ከረምሽ፣ ነይና አየር ለውጪ» አሉኝ። ሄድኩ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ለረጅም ጊዜ ከምግብ ጋር ተጣልቼ ኖሬያለሁ። ቀኑን ሙሉ «በልቻለሁ» እያልኩ እውላለሁ... ከዚያ በሬን ዘግቼ እስኪያመኝ እበላለሁ። ከዚያ ደግሞ ራሴን በረሃብ እቀጣለሁ። አጥንቴ እስኪወጣ በከሳሁበት ጊዜ ያየኝ ሁሉ «አምሮብሻል፣ ምን ተጠቅመሽ ነው?» ይለኝ ነበር። ጋሼም ጭምር። በጣም በታመምኩበት ሰዓት ነው በጣም የተመሰገንኩት።

አሁን ሕክምና ላይ ነኝ። ወፍሬ ደም ግፊቴ ስላስቸገረ ትንሽ ኪሎ መቀነስ አለብኝ... ግን ቀስ ብሎ፣ ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት እየበላሁ። የምትከታተለኝ ነርስ ስትመዝነኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። ቁጥሩን እሷ ታየዋለች፣ እኔ አልሰማውም። ከሰማሁት ምን እንደማደርግ ሁለታችንም እናውቃለን። መብላት አቆማለሁ።

ወርቃ ስደርስ ገበሬዎች በጆንያ ቡናቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ተራዋ የደረሰ አንዲት ጠና ያለች ሴትዮ ግን ቡናዋን አላስረክብም ብላ ቆማለች።

«ይሄ ሚዛን ያጎድላል» አለች። «ቤት ስመዝነው ሌላ ነው። እዚህ ሲደርስ ቀለለ። መንገድ ላይ ማን በላው?»

ከኋላዋ ያሉት አጉረመረሙ። ጋሼ ፊታቸው ተለዋወጠ። ዞር ዞር ሲሉ... እኔን አዩ።

«ይቺውላችሁ የወንድሜ ልጅ። ከዲላ ነው የመጣችው። ሆስፒታል ትመዘናለች፣ ኪሎዋን ታውቃለች። እሷ ትውጣና ሚዛኑ ይታይ።»

«አላውቀውም» አልኩ።

«እንዴት አታውቂውም? ኪሎ ኪሎ ስትዪ አይደል እንዴ የኖርሽው?»

ሰው ሳቀ።

«ጋሼ፣ አልፈልግም።»

«ሌባ ሲሉኝ ዝም ብለሽ ልታዪ ነው? አንድ ደቂቃ እኮ ነው... ልጄ አይደለሽም?»

ከሰልፉ ውስጥ አንዱ «ፈራች። ተነጋግረው ነው» አለ።

ምን ልበል? ይህን ሁሉ ታሪክ እዚያ ግቢ ውስጥ፣ ለዚያ ሁሉ ሰው ላስረዳ? ወጣሁ። እንደለመድኩት ጀርባዬን ለሚዛኑ ሰጥቼ፣ ፊቴን ወደ ገበሬዎቹ አዙሬ ቆምኩ። የሚመዝነውን ሰውዬ ቀስ ብዬ «እባክህ፣ ኪሎዬን ጮክ ብለህ አትጥራው» አልኩት።

ግራ ገብቶት አየኝ። እዚያ ኪሎ በሹክሹክታ ከተነገረ ስርቆት አለ ማለት ነው። ገበሬው በጆሮው መስማት አለበት። ጥሩ ሥርዓት ነው... ለቡና።

ጠራው። በሙሉ ድምፁ። ከዚያ አፉ ስለለመደ «ጆንያው ሲቀነስ...» ብሎ ጀመረና ደንግጦ ዝም አለ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም። አትጠይቁኝ።

ያቺ ሴትዮ ብቻ አልሳቀችም። «እሺ፣ ተጠራ። ግን ልጅቷ ኪሎዬን አላውቅም ብላለች። ታዲያ ሚዛኑ ልክ መሆኑ በምን ታወቀ?»

በከንቱ ነው የተመዘንኩት።

ሴትዮዋ ወደ መጋዘኑ በር አመለከተች። «ያ ሲሚንቶ አይደል? ሃምሳ ኪሎ ነው። ይሄን ማን አያውቅም?»

ያልተከፈተ ሲሚንቶ። ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነበር። ስመጣ ቁጭ ብዬበት ሁሉ ነበር።

ሁለት ሰዎች አንስተው ሚዛኑ ላይ ጫኑት። ሰውዬው አሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠራ። ከሃምሳ በታች።

«ሲሚንቶው ነው የጎደለው» አሉ ጋሼ። ማንም አልሳቀም። ሚዛኑ እስኪስተካከል ርክክቡ ቆመ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የኔም ቁጥር ውሸት ነበር ማለት ነው እኮ። ግን ምን ሳደርግ ራሴን ያዝኩት? ሚዛኑ የሰረቀውን በራሴ ኪሎ ላይ እየደመርኩ። እውነተኛውን እየፈለግኩ... ከዚያ ደግሞ እየቀነስኩ። ዛሬ ምሳ ብተው... እራትም ብተው...

ምሳ ቀረበ። ቆጮ፣ ጎመን፣ አይብ። ጋሼ ዓይኔን ሳያዩ «ብዪ እንጂ» አሉ።

«በል...» ብዬ ጀመርኩ። በልቻለሁ። የድሮው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ያን ጊዜ ነው ንዴቱ የመጣብኝ። የእሳቸው ስም እንዲጸዳ ተብሎ በተጠራ ኪሎ፣ ያውም በተሳሳተ፣ እኔ ልራብ?

«ጋሼ፣ ሁለተኛ እንዲህ እንዳያደርጉኝ።»

«ምን አደረግኩሽ?»

«ታምሜ ነበር። አሁንም ገና እየዳንኩ ነው። ኪሎዬን መስማት የለብኝም።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ይሄው ወፍረሽ የለ እንዴ? ምኑን ታመምሽ?»

ቆጮውን ቆረስኩ። እንባዬ እየመጣ፣ ቀስ ብዬ በላሁ። ስጠግብ አቆምኩ። ከዚያ ቀን ሌላውን ሁሉ ልረሳው እችላለሁ፣ ይህቺን ምሳ ግን አልረሳትም።

ከእንግዲህ ሚዛን መፈተን የሚፈልግ ሲሚንቶ ይጫን። እሱ ኪሎው ጀርባው ላይ ታትሟል... እኔ ላይ የታተመ ነገር የለም።