አቦይ ሓጎስን በተሳቢ ቤት ይዤ ወደ ደጋ

ከመቐለ የተነሣነው ክረምቱ ሊወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። የባለቤቴ አባት አቦይ ሓጎስ ታላቅ እኅታቸውን ለማየት ፈለጉ። እኅታቸው አደይ ለምለም በሀገረ ሰላም መንገድ ባለች የደጋ መንደር ይኖራሉ፤ ጉልበታቸው አልታዘዝ ካለ ወዲህ ወደ ከተማ ወርደው አያውቁም። አቦይ ሓጎስ ደግሞ ሳንባቸው ስለ ደከመ ኦክስጅን ከሚሰጣቸው ማሽን አይለዩም። ማሽኑ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው፤ መንደሯ መብራት የላትም። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ «ያለ ማሽን ግማሽ ሰዓት፤ ከዚያ በላይ አደራ» ብሎኛል። ስለዚህ አቦይን ከነማሽናቸው፣ ጄኔሬተር በታሰረበት ተሳቢ ቤት ለመውሰድ ወሰንን።

እኔ የደብረ ብርሃን ሰው ነኝ። መቐለ ለመንግሥት ሥራ መጥቼ፣ አግብቼ ቀረሁ። ደፋር ነኝ ብዬ አላውቅም። ባለቤቴ ለተብርሃን «አንተ እኮ ደመና ስታይ የምትረጥብ ሰው ነህ» ትለኛለች።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ሓድነት

ተሳቢውን ያከራየን እዚያው መቐለ፣ ሓድነት ሰፈር ውስጥ ብየዳ ቤት ያለው ኪሮስ ነው። ለመንገድ ቀያሾች መኝታ እንዲሆን የሠራው ባለ ሁለት ጎማ የላሜራ ቤት ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ አግዳሚና ትንሽ መስኮት አለው። ኪራዩ በቀን አራት መቶ ብር። ጄኔሬተሩን ከተሳቢው ፊት፣ ከመጎተቻው ብረት ላይ አሰረልንና የጭስ ማውጫውን ወደ ውጭ አዞረው። ረጅም የኤሌክትሪክ ገመድም ጨመረልን።

«ከዚህ አታንቀሳቅሰው» አለኝ።

«ቢጠፋብኝስ?»

«ዋእ፣ ካልነካኸው ምን ያጠፋዋል?»

ለምን እንደማይንቀሳቀስ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ያሰብኩት ስለ መጥፋቱ ብቻ ነበር።

አቦይ ሓጎስ አልጋው ላይ ጋደም አሉ፤ ለተብርሃን አጠገባቸው ተቀመጠች። አንድ ነገር ከተፈጠረ ነጠላዋን በመስኮት ልታውለበልብልኝ ተስማማን። እኔ የተዋስኳትን ፒክአፕ ይዤ ከመንገዱ ይልቅ መስታወቱን እያየሁ ነዳሁ። ሮማናትን እንዳለፍን አንዲት አህያ ከመግጨት ለጥቂት ተረፍኩ።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ከዳገቱ በታች

በለስ የሚሸጡ ሴቶች ካሉበት ቆምን፤ አራቱ በሁለት ብር። አንዷ እሾሁን እየጠረገች ልጣ ሰጠችን። አቦይ ሓጎስ የኦክስጅኑ ቱቦ አፍንጫቸው ላይ እንዳለ ሦስት በሉ። ቤንዚን መጨመር ነበረብኝ፤ ለዚያ ደግሞ ጄኔሬተሩን ማጥፋትና እስኪበርድ መጠበቅ ግድ ነው። አጠፋሁት። ያ ጸጥታ እንዴት እንዳስፈራኝ ልነግራችሁ አልችልም። ዐይኔ ሰዓቴ ላይ ስለነበር ግማሹን ቤንዚን ጫማዬ ላይ ደፋሁት።

«አጆኻ ወደይ፣ አይዞህ ልጄ» አሉኝ አቦይ ሓጎስ በመስኮቱ። «ትንፋሹ የእኔ፣ የምታለከልከው አንተ።»

ጄኔሬተሩ በዘጠነኛው ደቂቃ ተነሣ።

ስድስት ሰዓት፣ መንደሯ

አደይ ለምለም በትራቸውን ተደግፈው ደጃፋቸው ላይ ጠበቁን። ተሳቢው ውስጥ ገብተው የወንድማቸውን ጉንጭ በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ሕምባሻ በማር ቀረበልንና ሁለቱ ስለ ልጅነታቸው ማሳ፣ ስለ ሞቱ ጎረቤቶች ማውራት ጀመሩ። አቦይ ሓጎስ እንደዚያ ሲስቁ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው ያየሁት።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ሰማዩ ጠቆረ። አደይ ለምለም ልብሳቸውን ከውጭ ሊያስገቡ ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ወዲያው በረዶ መውረድ ጀመረ። የጄኔሬተሩ ድምፅ ተቆራረጠ። ውኃ ገባበት፣ ሊጠፋ ነው ብዬ ልቤ ተሰነጠቀ። ሮጥኩና አጥፍቼ ፈታሁት፤ ከተሳቢው ሥር አስገብቼ ዙሪያውን በሸራ ጋረድኩትና እንደገና አስነሣሁት። በረዶው እንዳይገባ በሩንም መስኮቱንም ዘጋን። ሞተሩ ከእግራችን ሥር ሲንደቀደቅ ስሰማ ተረጋጋሁ። ከጠዋት ጀምሮ እንደዚያ ተረጋግቼ አላውቅም።

ትንሽ ቆይቶ ለተብርሃን ራሷን ያዘች። የእኔንም ይፈልጠኝ ነበር። «የደጋው ከፍታ ነው» አልኳት።

በረዶው ሲያባራ አደይ ለምለም ተመልሰው በሩን ከፈቱና ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ከሰል አስገብታችኋል?»

«የለም አደይ፣ ጄኔሬተሩ ነው። እሱ ብዙም አይጨስም።»

«የሚገድለውማ የማይታየው ነው። ከሰል እንኳን ደጅ ነዶ፣ ነጥቶ ነው ቤት የሚገባው። አውጡልኝ ወንድሜን!»

ለተብርሃን ልትነሣ ስትል መቆም አቃታት። «አቦይ» ብዬ ጠራኋቸው፤ አልመለሱልኝም። ማሽኑ እየሳበ የሚሰጣቸው ያንኑ የተዘጋ ቤት አየር መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እኔ ግን በእጄ ጎትቼ ከሥራቸው ያስገባሁት ነው። ቀኑን ሙሉ እንዳይጠፋ ስጸልይለት የዋልኩትን ጄኔሬተር ራሴ አጠፋሁት።

ለተብርሃን ግድግዳውን ይዛ ወጣች፤ አቦይ ሓጎስን ተሸክሜ አውጥቼ በረዶው ነጭ ካደረገው ሣር ላይ፣ ነፋሱ ፊት አስቀመጥናቸው። የከንፈራቸው ቀለም ተለውጧል። አደይ ለምለም ደረታቸውን ያሻሉ፣ ስማቸውን ይጠራሉ። ጄኔሬተሩን ኪሮስ የሰጠን ገመድ እስከሚደርስበት፣ ነፋሱ ጭሱን ወደማያመጣበት ጎን ጎተትኩት። ማስነሻውን ሳብኩ፣ እምቢ አለ። አራተኛው ላይ አለቀስኩ፣ ስድስተኛው ላይ ተነሣ። ማሽኑን ደጅ አውጥተን ቱቦውን መለስንላቸው። ቆይተው አስመለሳቸው፤ ከዚያ ዐይናቸውን ገልጠው እኅታቸውን አዩ።

ወደ ቤት

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣን። ጄኔሬተሩ እንደ ጠዋቱ ከፊት ታስሯል፤ የተሳቢው መስኮት ክፍት ነው። መቐለ እንደገባን በቀጥታ ሐኪም ቤት ወሰድናቸው፤ ሌሊቱን እዚያው አድረው እሑድ ጠዋት ቤታችን ገቡ።

ቁርስ አቅርቤላቸው ሳለ «የጭሱ ሽታ ገና ሞተሩን ስታስገባው ሸቶኝ ነበር» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ፊትህን አየሁት፤ ደንግጠሃል። ብነግርህ መኪናውን አዙረህ ትመልሰኛለህ። ለምለምን ገና አልጠገብኳትም ነበር።»

ወደ ለተብርሃን ዞርኩ። እሷም ሸቷት ነበር። «ደንግጠህ ታጠፋዋለህ ብዬ ነው» አለችኝ ዐይኔን ሳታይ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ፍርሃቴ ይጠብቃቸዋል ብዬ አምን ነበር። ለካ እነሱ እኔን ላለማስደንገጥ አፋቸውን ይዘው መርዝ ሲተነፍሱ ነው የቆዩት። አፈርኩ፤ የያዝኩትን እንጀራ መልሼ አስቀመጥኩ።

አቦይ ሓጎስ እንጀራውን ወደ እኔ ገፋ አድርገው «ለመስቀል ትወስደኛለህ?» ብለው ጠየቁኝ።

ፈራሁ። መፍራቴንም ነገርኳቸው።

«እወስድዎታለሁ» አልኩ፤ «ግን የሸተተዎትን ሁሉ ይነግሩኛል።»