አባቴ በጎናቸው የተኙበት ሳምንት

የአልኮል ጥጥ ሲሸተኝ ትከሻዬ ይዝላል። ዛሬ ጠዋትም ለደም ምርመራ ክንዴን ዘርግቼ ሳለሁ ሸተተኝና በሐሳብ ወደ ቢቸና፣ አባቴ መደብ አጠገብ ተመለስኩ።

ዘመኑ የደርግ ነበር። ትምህርት ዘግይቼ ስለጀመርኩ፣ ቁመቴ ከአስተማሪዬ ሳያንስ ገና አራተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። አንገታቸው ሥር ንፍፊት አብጦ ከረመ፤ ቀጥሎ ትንፋሽ አጠራቸው። ጋደም ሲሉ ስለሚታፈኑ፣ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠው ያነጉ ነበር። «አንዲት ቀን በጎኔ ብተኛ» ይሉ ነበር፤ ሌላ ምንም አላማራቸውም።

እናቴ ደረታቸው ውሃ ቋጥሯል ሲባል ሰምታ ውሃ ከለከለቻቸው። «የጠጡት ሁሉ እዚያው ነው የሚጠራቀም» አለች። ከንፈራቸው ተሰነጣጠቀ።

በጭነት መኪና ሞጣ ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ሐኪም፣ ማኅሌት እንደቆመ ሰው በመቋሚያቸው ላይ አስደግፎ አስቀመጣቸው፤ እኔም ጎናቸውን በትከሻዬ ደግፌ ያዝኩ። ጀርባቸውን በአልኮል ጠርጎ በጎድን አጥንታቸው መካከል መርፌ አስገባ። ቅራሪ የመሰለ ውሃ በቀጭን ጎማ እየወረደ ሳህኑን ሞላው።

«የኔታ፣ እንዳያስሉ።»

«ሳል መቼ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ልጄ?»

ውሃው ሳያልቅ መርፌውን ነቀለ። ሁሉ ባንዴ ከወጣ ሳንባው ይጎዳል አለ።

«አሥራቱን አስቀረህልኝ በለኛ» አሉ አባቴ።

ሐኪሙ ሳቅ ብሎ ወደ እናቴ ዞረ። «እማማ፣ ውሃ ይስጧቸው። የሚጠራቀመው ከሚጠጡት አይደለም፤ ከንፍፊቱ ነው፣ ካንሰር ነው። ውሃው ይመለሳል። የካንሰሩ መድኃኒት ያለው አዲስ አበባ ነው፤ እኔ የምችለው ማስተንፈስ ብቻ ነው።»

እናቴ ቀና ብላ አላየችውም። ጣሳውን ሞልታ በእጇ ይዛ አጠጣቻቸው።

ያን ሳምንት አባቴ በጎናቸው ተኙ። ፀሐይ በበሩ እየገባች፣ በቀትር ያንኮራፉ ነበር። ደቀ መዛሙርታቸው እንኳ ደጅ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር ቅኔ የሚቆጥሩት።

ውሃው ተመለሰ። እንደገና ሞጣ፣ እንደገና መርፌ፤ እፎይታው ግን እያጠረ ሄደ። «አዲስ አበባስ?» ብላቸው «መንገዱ ከሕመሙ ይብሳል፤ ይብቃኝ» አሉ። ማንም አልተከራከራቸውም። ሁላችንም ደክሞን ነበር።

ያረፉ ጠዋት ካህናቱ ሊገንዟቸው በጀርባቸው አስተኟቸው። አንዱ ትራሱን ከራስጌያቸው ሊያወጣ ሲል እናቴ እጇን ጫነችበት።

«ተዉት፤ ይታፈናሉ።»

ካህናቱ እጃቸውን ሰብስበው ጠበቋት።