ሁለት ጊዜ የሸፈተው ቀስተኛ

ሲኒማ ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ መጥረጊያ፣ የእጅ ባትሪና የሚሰፋኝ ቀይ ሰደሪያ ነው። ሃይስኩል ከጨረስኩ ሦስት ሳምንቴ ነበር። ማናጀሩ ዋልተር፣ "ፖፕኮርን ትጠርጊያለሽ፤ የሚያወራ ሰው ካለ ባትሪ ታበሪበታለሽ" አለኝ።

"ፎቅ ላይ ያለውን የፊልም ማሽን ማነው የሚነካው?"

"አንቺ አይደለሽም።"

አንድ ቦታ መቆም አልችልም። ዓመት ሳይሞላኝ ማሽኑን የሚያሠራውን ሽማግሌ ኦፕሬተር ጨቅጭቄ ሥራውን ተማርኩ። ፊልም ያኔ በቆርቆሮ ሣጥን፣ በስድስት ሪል፣ ማለትም በስድስት ጥቅል ተከፍሎ ነበር የሚመጣው። ሪሎቹን በማጣበቂያ በተራ አያይዘን፣ ጠረጴዛ በሚያክል ክብ ብረት ላይ እንጠመጥማለን።

ሲኒማ ቤታችን ርካሽ ነበር፤ ሌላ ቦታ ታይቶ የከረመ ፊልም ነው የምናሳየው። የአገራችን ሰው ከሚኖርበት ሰፈር፣ ከሴንትራል ዲስትሪክት፣ ብዙ አበሻ ይመጣል። ጋሼ መርሻ ደግሞ አይቀሩም። ታክሲ ነጂ ናቸው፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መኪናቸውን በሩ ላይ ፓርክ አድርገው ከሦስት ጓደኞቻቸው ጋር ይገባሉ። ፊልም በዝምታ ማየት የሚባል ነገር አያውቁም።

አንድ ሰሞን ከሀብታም ቀምቶ ለድሃ ስለሚሰጠው፣ ስለዚያ የጥንት የእንግሊዝ ቀስተኛ ሽፍታ ሁለት ፊልም አሳየን። መጀመሪያ አሮጌውን። ሽፍታው ጠባብ አረንጓዴ ሱሪ ለብሶ፣ ወገቡን ይዞ ይስቃል። የልጅነታቸው ፊልም ስለሆነ ፈረንጆቹ አብረውት ይስቃሉ።

ጋሼ መርሻ ጮክ ብለው፣ "ጫካ ሲከርም ልብሱን ማን አጠበለት?" አሉ።

ባትሪዬን አበራሁባቸው። "ጋሼ፣ እባክዎ ሰው እየሰማ ነው።"

"ባትሪውን ለሱ አብሪለት፤ ጠላት ከቦት እሱ ይስቃል!"

በዚያው ሳምንት ሽማግሌው ኦፕሬተር ጡረታ ወጣ። ዋልተር፣ "ሁለተኛውን ፊልም አንቺ አያይዢው። ቅሬታ ከመጣ ግን ወደ መጥረጊያሽ" አለኝ።

ፊልሙ ዘግይቶ ቅዳሜ ደረሰ። በጥድፊያ በሣጥኖቹ ክዳን ላይ ያለውን ቁጥር እያየሁ አያያዝኩት። እሑድ ቀትር ላይ የመጀመሪያው ሾው ተጀመረ። ይሄኛው ሽፍታ ጭቃ በጭቃ ነው፤ አይስቅም። ጋሼ መርሻ፣ "ይሄ ሸፍቷል!" ሲሉ እላይ ድረስ ተሰማኝ።

በማሽን ክፍሉ መስኮት ሳይ ሽፍታው ንጉሡ ፊት ተንበርክኮ ምሕረት ተቀበለ። ቀጥሎ ተመልሶ ጫካ ውስጥ፣ የንጉሡን ግብር ይቀማል። ያኔ ገባኝ፦ አራተኛውንና አምስተኛውን ሪል አቀያይሬአለሁ። መሀል ላይ አይስተካከልም፤ እስኪያልቅ ቆሜ አየሁት።

ስወርድ አንዲት መነጽር ያደረገች ሴትዮ ዋልተርን ይዛዋለች። "ታርቆ የለም እንዴ? ለምንድነው እንደገና የሚዘርፈው?"

ጋሼ መርሻ መሀል ገቡ። "ምኑ ነው የከበደሽ? እጁን ሰጠ። ቃል ሰጡት፣ ቃሉን አጠፉበት፣ እንደገና ሸፈተ። በመጨረሻ ሚስት ድረውለት ታረቁ። እኛ አገር የታወቀ ነው!"

ሴትዮዋ ትንሽ አሰበች። "ኦኬ፣ እንደሱ ከሆነ ደህና" አለች።

ዋልተር ወደኔ ዞረ። "እና፣ ፊልሙ ችግር የለበትም?"

ዝም ብል ያልፍ ነበር። ዝም ማለት አልችልበትም። "ሁለት ሪል አዛብቼ ነው ያያያዝኩት" አልኩት።

"አንቺ ልጅ!" አሉ ጋሼ መርሻ በአማርኛ። "አድኜሽ ነበር እኮ!"

ዋልተር ሰዓቱን አየ። "ቀጣዩ ሾው መቼ ነው?"

"አርባ ደቂቃ ይቀረዋል።"

"ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

ሮጥኩ። ቆርጬ፣ አስተካክዬ፣ መልሼ አያይዤ በሰዓቱ አስጀመርኩ። ሴትዮዋም በነጻ ገብታ ደግማ አየችው።

በማግስቱ ዋልተር፣ "ሰደሪያውን መልሺ" አለኝ። የተባረርኩ መስሎኝ አውልቄ ሰጠሁት። ሰደሪያውን ተቀብሎ የማሽን ክፍሉን ቁልፍ ሰጠኝ።

ጋሼ መርሻ በሳምንቱ የተስተካከለውን ለማየት መጡ። ሲወጡ፣ "እንዴት ነበር?" አልኳቸው።

"ያዛባሽው ይሻላል። ይሄ አንዴ ታርቆ ዝም አለ፤ ይሄ ምን ሽፍታ ነው?"

ከዚያ ወዲህ ብዙ ፊልም አያይዣለሁ። ለአዲስ ኦፕሬተሮች የምለው ይህንን ነው፦ ቁጥሩን ከክዳኑ ላይ አታንብቡ። ክዳን ይቀያየራል፤ ያኔም ያሳተኝ እሱ ነው። ፊልሙን ትንሽ ፍቱና ጫፉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ።