የጣቷ ቁስል

ላብራቶሪው በር ላይ፣ ተራዬን የምጠብቅበት አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። የታቀፈችው፣ ትኩሳት ያንቀጠቀጠው ሕፃን የጎረቤቷ ነው፤ እናቱ መድኃኒት ልትገዛ ሄዳለች። ሹራቧን ገልብጣ ለብሳለች፤ እኔም አልነገርኳት። የሌባ ጣቷ ቁስል ሊደርቅ ሲል ቅርፊቱን በጥፍሯ ታነሳዋለች።

ደም የቀዳችው ባለሙያ ብቅ አለች።

«አይዞሽ እህቴ፣ ደሙ ውስጥ ያለው የብግነት መጠን ዝቅተኛ ነው፤ ከባድ ኢንፌክሽን የለበትም።» ጣቷን ስታይ ደነገጠች። «ሲያንቀጠቅጠው አፉ ውስጥ ጣት ከተትሽ እንዴ? በጎኑ ማስተኛት ብቻ ነው እኮ!»

«የዚህ አይደለም። የነከሰኝ የኔው ልጅ ነው፤ የሱ ደም ውስጥ ከፍተኛ ነበር።»

ባለሙያዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እንዲህ ከነካካሽው እኮ አይድንም።»

ሴትየዋ ጣቷን በመዳፏ ሸፈነች።

«አይዳን። ከሱ የቀረኝ ይሄ ነው።»